አማች የሚወርሰው ቤት

በእኛ ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ማንም ደስ አይለውም ነበር። ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ሲመጣ የቤቱ ሴቶች አጎንብሰው ያመሰግኑና በሩ ሲዘጋ ፊታቸው ይጠቁራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የወለዱት ወንድ ሰነፍም ሆነ ጠጪ፣ ልጅ ነውና ቤቱን ልውረስ ይላል። የሴት ልጅ ባል ግን ተፈልጎ፣ ተፈትኖ፣ ተመርጦ ይመጣል። ስለዚህ ሚሶ የሚባለውን፣ ከአኩሪ አተር የሚብላላ የሾርባ ማጣፈጫ ሊጥ የሚሠራው ሂሺያ የተባለው ቤታችን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ወንዶቹ ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። አማቹ ለቤቱ ሽማግሌዎች ልጅ ይሆናል፣ የቤተሰቡን ስም ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ ሰይቤ ይባላል። የመጀመሪያው ሰይቤ ቤቱን ያቆመው ሰው ነው። ከእሱ ወዲህ ያሉት ስሙን እንደ ካፖርት እየተቀባበሉ ለብሰውታል።

እኔ ሳዮ ነኝ፤ ለእናትና አባቴ ብቸኛ ልጅ፣ ያውም ሴት። ስወለድ ቤቱ በደስታ ሰክሮ ነበር አሉ። በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትሮጥ ልጅ ከማን ጋር ትጫወት ብሎ ያሰበ ግን ያለ አይመስለኝም። የምጫወተው ከበርሜሎቹ ጋር ነበር። ሰው መሰላል ቀጥሎ የሚወጣባቸው ግዙፍ የእንጨት በርሜሎች ናቸው፤ ባዶ ሲሆኑ ስምህን ብትጠራባቸው አሳምረው ይመልሱልሃል።

ሌላው የቤታችን ሕግ ናቶን ይመለከታል። ናቶ በጭድ ተጠቅልሎ የሚብላላ አኩሪ አተር ነው። ሲያነሱት ክር ይስባል፣ ይሸታል፣ የለመደው ሰው ግን ያለ እሱ ቁርስ የበላ አይመስለውም። በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል ሁሉም ሰው ይበላዋል፤ እኛ ብቻ አንበላም። የእኛ ሚሶ የሚጠነሰሰው ኮጂ በሚባል እርሾ ነው። ኮጂ በሞቀ ክፍል ውስጥ በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ የሚበቅል ነጭ ሻጋታ ሲሆን ናቶ የነካ እጅ ከነካው ይበላሻል፤ ክፍሉም ራሱ ይመረዛል። አያቴ ናቶ የሚለውን ቃል የምትጠራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ክፉ በሽታ እንደምታወራ ሆና ነበር። «አንድ ጉርሻ ይህን ቤት ይገድለዋል» ትለኝ ነበር። እኔም አመንኳት፤ ትምህርት ቤት ምሳ ሲበላ ናቶ ከሚበላ ልጅ አጠገብ አልቀመጥም።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው አባቴ አሥረኛው ሰይቤ ሊሆን በተዘጋጀበት መከር ነው። ወንድ አያቴ፣ ዘጠነኛው ሰይቤ፣ ጉልበቱም አእምሮውም ደክሞ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። አንድ ቀን አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ያዘና «ልጄ፣ ስሜ ማነው?» አለኝ።

«ሰይቤ ነዋ» አልኩት።

«እሱማ የቤቱ ነው» አለ። «የኔን ነው የጠየቅሁሽ።»

አረጀ፣ ይቀባዥራል ብዬ ሮጥኩ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ በዚያን ዓመት ከሁሉም ጤነኛ ንግግር የተናገረው እሱ ነው።

አባቴ ዝምተኛ ነበር። ሠራተኞቹ ታናሹ ጌታ ይሉታል፣ እናቴ «አንተ» ትለዋለች፣ እኔ አባዬ እለዋለሁ፤ ሌላ ስም እንዳለው ልብ ብዬም አላውቅ። እጆቹ ሁልጊዜ ይሞቃሉ። የኮጂውን ክፍል በር ከፈት አድርጎ በአፍንጫው ብቻ ሩዙ ደረሰ አልደረሰ ይላል፤ ተሳስቶም አያውቅም። ያን ሰሞን ግን ከሰዓት በኋላ ለብቻው እየወጣ መሄድ አበዛ። ሲሄድ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ባለክዳን የእንጨት ባልዲ ይይዛል፣ ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ቤት ከመግባቱ በፊት የከተማው መታጠቢያ ቤት ሄዶ ገላውን ይታጠባል። አያቴ በሩ ላይ ትጠብቀውና ጠጋ ብላ ታሸተዋለች። ከዚያ «ዛሬ ደክሞሃል፣ ኮጂ ክፍል አትግባ፤ በርሜሎቹን እይልኝ» ትለዋለች። እሱም «እሺ እናቴ» ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ጓዳ ተቀምጬ አኩሪ አተር ስለቅም ከተንሸራታቹ በር ወዲያ አያቴና እናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ዛሬም እዚያች ሴትዮ ዘንድ ነው?» አለች አያቴ።

«ይሂድ እማዬ። ስሙን ከወሰደ በኋላ እንደሆነ መሄዱ ይቀራል።»

«ይቀራል እንጂ። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።» አያቴ ቀጥላ «ልጅቷስ?» አለች። እናቴ የመለሰችላትን በሹክሹክታ ስለተናገረች አልያዝኩትም።

እኔ ግን የያዝኩት ይበቃኝ ነበር። ኖሪ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ አባቷ ሌላ ሴት ይዞ ወደ ፍል ውኃ ከተማ ጠፍቷል። ኖሪ በዚህ ጉዳይ አዋቂ ነኝ ባይ ነበረች። ዝም ይላል፣ ለብቻው ይወጣል፣ ስጦታ ይዞ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ልጅቷን ማን ይውሰዳት ተብሎ ይወራል አለችኝ። አንዱም አልቀረም። ባልዲዋንም ከጓዳችን ሰርቆ ለዚያች ሴት እንደሚወስድላት ገመትኩ። ሆዴ ባባ። አባቴ ከሄደ የቀረው ቤት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁና፤ አያቴ ታዛለች፣ እናቴ ትታዘዛለች፣ ወንድ አያቴ ፀሐይ ይሞቃል፣ እኔ በባዶ በርሜል ውስጥ ስሜን እጠራለሁ።

በዚያው ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላ ጉርምርምታም ነበር። የኮጂ ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ ደርሶ ማገዶው ተከምሯል፣ ሠራተኞቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሲጠይቋት አያቴ «ቀኑ ገና ነው» ከማለት በቀር ምክንያት አትሰጥም። ብርድ ሳይገባ መጀመር እንዳለበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ወገቧ ላይ አሰረችው። ለእኔ ይህ ከአባቴ ነገር ጋር ይገናኛል ብዬ ለማሰብ ዕድሜዬም አልፈቀደልኝ።

አባቴ እንደገና ሊወጣ ሲል የእንጨት ጫማውን ደብቄ ባዶ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ግቢውን ሁሉ ሲፈልግ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ። እንደተያዝኩ ገባኝ።

«ሳዮ፣ ጫማ ባይኖረኝ በባዶ እግሬም እሄዳለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አለቀስኩ። አትሂድ አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፣ ነገሩን በአፌ ብለው እውነት የሚሆን መስሎኝ ነበር። አጎንብሶ እንባዬን በእጅጌው ጠረገልኝ። ከዚያ በራሴ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተ። አያቴ ቆማለች። አሁን ገና ታገኘዋለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አዞረችና ወደ ውስጥ ገባች። አባቴ መሰላሉን አምጥቶ በርሜል ውስጥ ወረደና ጫማውን እያራገፈ ሲወጣ «እንግዲያው አብረን እንሄዳለን» አለ።

በባቡር ሄድን። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ነበር፤ ጭዱ በየማሳው ተከምሯል። የወረድንበት ጣቢያ አንድ ሽማግሌ ትኬት ተቀባይ ብቻ ያለበት ነው፤ ሽማግሌው አባቴን አይቶ ባርኔጣውን አነሳ። ያውቀዋል ማለት ነው። ለካ እዚህ ሁሉም ያውቃል፣ እኛ ብቻ ነን የማናውቀው ብዬ ተቆጣሁ።

ቤቱ ዝቅ ያለ ነበር፣ ጣሪያው እስከ አንገቱ የወረደ። ጭድ በየግድግዳው ተደግፏል። ሽታው ገና ከደጁ ተቀበለኝ፤ ትምህርት ቤት የማውቀው ያ ሽታ ነው፣ ግን በርሜል ሙሉ። ቆም ብዬ የአባቴን ልብስ ጎተትኩ። የሰማኝ አይመስልም።

የወጣችው ሴት አሮጊት ነበረች። ይህ በጣም ግራ አጋባኝ። ኖሪ ስለ አሮጊት የነገረችኝ ነገር የለም። ወገቧ የጎበጠ፣ እጆቿ የተሰነጣጠቁ፣ ፀጉሯን በጨርቅ ያሰረች፣ ናቶ ሠርታ በየመንደሩ ዞራ የምትሸጥ ሴት ናት። አባቴን ስታይ ፊቷ ሁሉ ፈካ።

«ሹኪቺዬ፣ መጣህልኝ?» አለችው።

እኛ የማናውቀውን ስም አወጣችለት እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። አባቴ ግን ዞር ብሎ «ሳዮ፣ ለእማማ ሃማ ሰላምታ ስጪ» አለኝ። ሕጉ ነውና አጎነበስኩ፤ በልቤ ግን አላጎነበስኩም።

ውስጥ ስንገባ መደርደሪያው ላይ የእኛን ባልዲዎች አየሁ። የሂሺያ ምልክት የታተመባቸው፣ ታጥበው የደረቁ፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ እንደ ጌጥ የተደረደሩ ናቸው። ሌብነቱ ይህን ያህል መሆኑን አላሰብኩም ነበር። አሮጊቷ አዲሱን ባልዲ በሁለት እጇ ተቀብላ ከግንባሯ ጋር አስነካችና ከተደረደሩት ጋር አኖረችው። ከዚያ ትኩስ ሩዝና ናቶ አቀረበች።

አባቴ ቤታችን ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳያሰማ፣ ሳያተርፍና ሳይጨምር ነው የሚበላው። እዚያ ግን ክርኑን አውጥቶ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን አፉ ላይ ደፍቶ፣ እንደ ተራበ ልጅ በላ። ሴትዮዋ አልበላችም። ጉንጩ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሳትጠይቅ ትሞላለታለች። አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ልቤን የሰበረውም እሱ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። በመመገቢያ እንጨቶቿ ጥቂት ናቶ ከሩዝ ጋር አነሳች፣ ክሩን ጠቅልላ ቆረጠችና ወደ አፌ አስጠጋችው።

«አንዲት ጉርሻ ብቻ» አለችኝ። «ከእጄ።»

አባቴን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀርቷል። ብዪም አትብዪም አላለኝም። እኔ ደግሞ ቤታችንን ለማዳን የቀረሁ ሰው እኔ ብቻ መሰለኝ። ከበላሁ የሷ ልጅ እሆናለሁ፣ ከበላሁ ኮጂው ይሞታል፣ ከበላሁ አባዬ አይመለስም። ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ።

እንጨቶቹ ፊቴ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ልክ ነሽ፣ አትብዪ» አለች። «አያትሽ ጥሩ አድርገው አሳድገውሻል።» የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ድምጿ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። በምትኩ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋችና ከራሷ ጣቶች ጋር አነጻጸረቻቸው። አባቴ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ልንሄድ ስንል የፈላ ውኃ አብርዳ እጆቹን አጠበችለት። ጣቱን በጣት፣ የጥፍሩን ሥር ሳይቀር፣ ሕፃን እንደሚታጠብ። እኔ ይህን ያየሁት ትልቁ ማስረጃ አድርጌ ነው። እሱም በጉልበቱ ወድቆ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ፣ ብዙም ቆየ። «በቃ ተነሳ» አለችው። «ከእንግዲህ አትምጣ። ሰይቤ ናቶ ሻጭ ቤት ምን ይሠራል?» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አባትሽን አደራ» አለችኝ።

ማሸነፌ ነው ብዬ አሰብኩ። ባቡር ውስጥ እጅጌውን ጨብጬ «ሁለተኛ አትሄድም አይደል?» አልኩት። «አልሄድም» አለ። በደስታ ልሞት ደረስኩ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስከ ከተማችን ድረስ አልተመለሰም፤ እኔም ሜዳውን እያየ ነው ብዬ ሜዳውን አየሁለት።

አያቴ በሩ ላይ ነበረች። አባቴን አላሸተተችውም። እኔን ወደ ጎን ወሰደችኝና ጎንበስ ብላ «በላሽ?» አለችኝ።

«አልበላሁም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ከእጇ ልታጎርሰኝ ነበር፣ አፌን ዘጋሁባት።»

ምስጋና ጠበቅሁ። አያቴ ቀና አለች። ከወገቧ ቁልፉን ፈትታ ለአባቴ ሰጠችውና «ነገ ታጥበህ ኮጂውን ጀምር» አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። እራት ላይም አልመጣችም።

አባቴ ስሙን ወሰደ። ያ ክረምት ሳያልቅ ከዚያ መንደር መልእክተኛ መጥቶ ከአያቴ ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋግሮ ሄደ። አባቴ የትም አልሄደም፤ ኮጂ ክፍል ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበርና ምን ሆንክ ስለው እንፋሎቱ ነው አለኝ። እንፋሎት ዓይን እንደሚያቀላ አውቃለሁ። አመንኩት።

እውነቱን የሰማሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ አባቴን ከቀበርን በኋላ፣ ከእናቴ ጋር ልብሱን ስናጣጥፍ ነው። እናቴ ቀና ሳትል «ሃማ እኮ እናቱ ነበሩ» አለችኝ። ሹኪቺን ገና ሠራተኛ ሳለ የመረጠችው አያቴ ራሷ ናት፤ እንደ እሱ ያለ አፍንጫና እጅ በአካባቢው አልነበረም። ለልመና ያቺ ዝቅ ያለች ቤት ድረስ ሄዳ ሃማን ልጅሽን ስጪኝ አለቻት። ሃማም ሰጠች። የሚሶ ቤት ጌታ ናቶ ሻጭ እናት አለችው ቢባል ግን ሚሶውን የሚገዛ አይገኝምና እናትና ልጅ እንዳይገናኙ ተስማሙ።

«ታዲያ ይሄድ ነበር እኮ» አልኳት።

«የምትልከው እናቴ ነበረች። ባልዲውን በእጇ ሞልታ ትጠቀልል የነበረችው እሷ ናት፤ በር ላይ የምታሸትተውም ሌላ ሰው ሳያውቅበት ከኮጂው እንድታርቀው ነው።» ሸሚዙን አጣጥፋ ጨረሰች። «በዚያ ዓመት ኮጂውን ያዘገየችው ደግሞ ለአንቺ ነው። ክፍሉ ባዶ እያለ አንድ ጉርሻ ብትጎርሺ ማንንም አይጎዳም፤ አሮጊቷ ታማ ነበር፣ እናቴም የልጅ ልጇን አጉርሳ ትሙት አለች። ብዪ ብላ በአፏ ልትነግርሽ ግን አትችልም። ሕጉን ያስተማረችሽ እሷ ናት።»

ከአያቴ የበለጠ ሕግ አክባሪ ሆኜ ተገኘሁ ማለት ነው። እሷ ለአንድ ቀን ዓይኗን ልትጨፍን ብትፈልግ እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅሁባት። እናቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ የወንድ አያቴ ስም ማን ነበር? ልብሱን ይዛ ብዙ አሰበች። አላወቀችውም።

ባሌም አሥራ አንደኛው ሰይቤ ሆኖ ኖሮ ሞተ። ባሕር ዳር ካለ መንደር የመጣ ሰው ነው። ስለ እናቱ አያወራም፣ እኔም አልጠይቅም፤ በእኛ ቤት የሚኖረው እንደዚያ ነው። አሁን ያ ሁሉ ክፍል ለእኔና ለልጄ ለሚሂሮ ቀርቶልናል፤ ከልጄ ጋር የምንገናኘው እራት ላይ ነው። በርሜሎቹ ዛሬም ይመልሳሉ። አንዳንዴ ሰው ሳይኖር ጎንበስ ብዬ «ሹኪቺ» እላለሁ።

ሚሂሮ የወደደችው ከሠራተኞቻችን አንዱን፣ ሾጎን ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ እጁ የአባቴን እጅ ይመስላል። ባለፈው ጸደይ ግን ልጁ ፊቴ ቁጭ ብሎ ስሙን እወስዳለሁ፣ እናቴን ግን አልተውም፣ እሷ ያለ እኔ ማንም የላትም አለ። ዘመዶች ተሰበሰቡ። ሌላ ይፈለግ አሉ፤ ለአንዱ ከለቀቅን ቤቱ ያበቃለታል አሉ። ሚሂሮ ሌላ አላገባም አለች። ሁሉም እኔን አዩኝ።

ሙቀቱ ገብቶ ኮጂ ክፍሉ ታጥቦ ሲዘጋ፣ ባልዲ ውስጥ ምርጡን ሚሶ ሞልቼ፣ በአያቴ ጨርቅ ጠቅልዬ ብቻዬን ባቡር ተሳፈርኩ። የሾጎ እናት በር ላይ ስታየኝ በድንጋጤ ክው አለች። አይሆነንም ብዬ ልጇን ልመልስላት የመጣሁ መስሏታል። ለእንግዳ የሚሆን ነገር የለኝም፣ ቤቱ አልተጠረገም እያለች ተንቀዠቀዠች።

«ቁርስ ከሾጎ ጋር ምን ትበሉ ነበር?» አልኳት።

«ሩዝ... ዓሣ...»

«ናቶ የለም?»

ፊቷ ነጣ። የምፈትናት እንደመሰላት ገባኝ። «ኧረ ወዲያ፣ ቤቴ ገብቶም አያውቅ» አለች። ሽታው ግን ከጓዳዋ እስከ ተቀመጥኩበት ይመጣ ነበር፤ እኔም አፍንጫዬን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ጨርቁን ፈትቼ ባልዲውን ሰጠኋት። ክፍሉ ተዘግቷል፣ የምንጎዳው ነገር የለም አልኳት። «እባክሽ አምጪልኝ። ስለማላውቅበት ደግሞ አንቺ አጉርሺኝ።»

ቆይታ አመጣችው። ሩዙ ላይ አደረገችው፣ በእንጨቶቿ አነሳች፣ ክሩን ጠቅልላ ቆረጠችና ወደ አፌ አስጠጋችው። አፌን ከፈትኩ።

ሞቅ ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ ትንሽ መራራ፣ የጭድ ጠረን ያለው ነገር ነው። ከጎረስኩ በኋላ ክሩ ከንፈሬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በጣቷ ጠረገችልኝ።

«አልጣፈጠዎትም እንዴ?» አለች ፈርታ፣ እንባዬን አይታ።

አፌን ደግሜ ከፈትኩላት።